አንድ ዓይናው እንግዳ

ምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ሽማግሌ ባርኔጣውን ገፋ ሲያደርግ፣ ቶራ አንድ ዓይን ብቻ እንዳለው አየች። የያዘችውን የሾርባ ሳህን ፊቱ አስቀመጠች። በዚያ በሰሜኑ ባሕር ዳርቻ የጥበብና የጦርነት አምላክ የሆነውን አንድ ዓይናውን ኦዲንን የማያውቅ የለም። መንገደኛ መስሎ ይዞራል፤ ከዘማቾቹ ጀግና ጀግናውን መርጦ ጦር ሜዳ ላይ ይጥልና በሰማይ ወዳለው የሙታን ጀግኖች አዳራሹ ይወስዳል።

«ነገ ጦርነት አለ» አለ እንግዳው። «ወንድ ልጅ አለሽ?»

«አንድ አለኝ፣ አባቴ።»

«እንዴት ያለ ነው?»

ቶራ ስለ ልጇ ስለ ኤይናር አውርታ ጠግባ አታውቅም። ባለፈው ክረምት በረዶው የተሰበረ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ የጎረቤት ልጆችን ያወጣ ነው። 

«ፈሪ ነው» አለች። «ደም ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል። የመንደሩ መሳቂያ ሆኖብኛል። ለእርስዎ አይረባም።»

ሽማግሌው ትክ ብሎ አያት።

«እንግዲያው ምን ያደርግልኛል» አለና ጦሩን ተመርኩዞ ወጣ።

ቶራ የደስታ እንባዋን እየጠረገች ዞር ስትል የጓሮው በር ተከፍቷል። ኤይናር እንጨት እንደታቀፈ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ የልቤን አይደለም! ሰውየው እኮ ኦዲን ነው፤ እንዳይወስድህ ብዬ ነው!»

«ገባኝ፣ እማዬ» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ።

በማግስቱ ከጦር ሜዳ የተመለሱት ጎረቤቶች የኤይናርን አስከሬን ተሸክመው ደጇ ላይ ቆሙ።

«ኩሪ፣ ቶራ» አሏት። «ጋሻውን ጥሎ ብቻውን ከሁሉ ፊት ወደ ጠላት የሮጠው እሱ ነበር።»