ፊቷ በዚያ በኩል ነው

ሥዕሉን ከተጠቀለለበት አንሶላ አውጥታ ወዲያው በፊቱ ደፋችው።

የስንት ዓመት ልማድ ነው። የሥዕል ታሪክ አጥኚ መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው፤ ሸራው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ እንጨቱ በምን እንደተመታ፣ እርጥበቱ የት ድረስ እንደዘለቀ። ፊት ይዋሻል፣ ጀርባ ግን አያውቅበትም እያለች ስንቱን ተማሪ አስተምራለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ በጥፍሯ ምስማሮቹን መነካካት ጀመረች።

"ፊቷ በዚያ በኩል ነው፣ ልጄ" አላት አባቷ።

እጇ ቀጥ አለ። አባቷ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የወንበሩ ጫፍ ላይ እንደ ባለጉዳይ ቁጭ ብሏል። ዕድሜ ልኩን የሱቅ ማስታወቂያ ሲሥል የኖረ ሰው ነው። የጫማ ሰሪውን ጫማ፣ የጥርስ ሐኪሙን ጥርስ በየበሩ ሥሎ ነው እሷን አስተምሮ እዚህ ያደረሳት። ለራሱ ብሎ የሣለው ግን ይህን አንዱን ብቻ ነው። የሙዚየሙ ዳይሬክተር ሆና በተሾመች ሰሞን ዘመድ አዝማዱ እንኳን ደስ ያለሽ ሊል ቢሮዋን ሲያጣብበው እሱ ዝር አላለም። ዛሬ ሳይነግራት መጣ።

ሥዕሉን አቀናችው። መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ የምትተክል ሴት። ቀኝ እጇ ከግራው ገዝፏል። ጥላው ከመስኮቱ ጋር አይስማማም። አንገቷ ላይ ያለው ቢጫ የማስታወቂያ ቀለም ነው፤ ጉንጯም መላጥ ጀምሯል። ሴትየዋ የሞተችው እናቷ መሆኗን ያየችው ይህን ሁሉ ቆጥራ ከጨረሰች በኋላ ነው። በራሷ አፈረች።

አባቷ የመጣበትን ነገር ተናገረ። የቤቱ ግድግዳ ውሃ ይስባል፤ ሥዕሉን ከዚህ እዚያ ቢያዛውረውም አልሆነም። አዳራሽ ውስጥ ስቀዪልኝ አላለም። እሷ በቴሌቪዥን ስለ እሱ ስታወራ የሰማው የሙዚየሙ ሥዕል ማስቀመጫ ምድር ቤት፣ ቀዝቃዛውና ደረቁ ክፍል፣ ከዚያ አንድ ጥግ ይበቃል አለ።

"ሰው አይያት ግድ የለም። ብቻ እንዳትረግፍብኝ።"

ምን ትበለው? ከእሷ በፊት የነበረው ዳይሬክተር "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት በሥዕል የፈጸመ ሰው ነበር። የአማቱ አበቦችና የሚስቱ ወንድም ፈረሶች ዋናውን አዳራሽ ሞልተውት ነበር። እሷ ገና እንደገባች ሁሉንም አስወረደች፤ የሠራተኛ ዘመድ ሥራ ወደዚህ ቤት ዝር እንዳይል ደንብ አወጣች። ጋዜጣ አሞገሳት። አባቷም ያን ጋዜጣ ለጎረቤቱ ሁሉ አንብቦላቸዋል።

"እኔ ቤት ትሁን፣ አባዬ" አለች። "መኝታ ቤቴ ደረቅ ነው።"

"አንቺስ ስትሞቺ?" አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ የምሩን ነው የጠየቃት። "ልጅ የለሽም። እዚህ የገባ ግን የሚጠብቀው ሰው አያጣም።"

ደንቡን ልታስረዳው ስትጀምር እጁን አንስቶ አስቆማት።

"አውቀዋለሁ። ለእናትሽ ሲባል ይታለፍ ይሆናል ብዬ ነው።"

ልርዳህ ብትለው እምቢ ብሎ ሥዕሉን ራሱ ጠቀለለ። ግንባሯን ስሞ ወጣ። እሷ ከወንበሯ አልተነሳችም።

ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ። የውጪው በር ጥበቃ ነው። ያለ ዳይሬክተሯ ቃል ከዚህ ግቢ አንድም ሥዕል አይወጣም፤ እሱም አንድ ሽማግሌ ሥዕል ይዘው ሲወጡ አግኝቶ አስቁሟቸዋል። አስፈትቶ አይቶታል፤ የማን እንደሆነ ቢጠይቃቸው ግን ዳይሬክተሯን ጠይቅ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ተነስታ በመስኮቱ ወደ ታች አየች። አባቷ ሥዕሉን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቁሞ ይጠብቃል። ጥበቃው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ የእናቷን ፊት ያያል።

"የእኛ ነው እንዴ፣ እትዬ?" አላት።

"አይደለም" አለች። "ይውጣ።"