ትራምፖሊኑ ሲመረመር

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ነው። «በጓሮዎ የሚገኘው የልጆች መዝለያ በዚህ ሳምንት በባለሙያ ይታያል፤ የደህንነት መስፈርቱን ካላሟላ ይነሳል» ይላል። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተም አለው።

አባወራው ሃያ ሁለት ዓመት በመዝገብ ቤት ያገለገለ ሰው ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ቆሞ ነው የሚያነበው። የሥራ ባልደረቦቹ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያሉ ይተርቡታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ወረቀቱን ግን አይለቅም።

«ይህቺ ጎረቤታችን ናት የከሰሰችን» አለች ሚስቱ። «ልጆቹ ሲዘሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ነው የምትውለው። አሁን ደግሞ ደብዳቤ መጣላቸው ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ስታወራ ታየኛለች።»

ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ለዚህ ትራምፖሊን ሁለት ዓመት ሙሉ ለምነዋል። ትንሿ ደብዳቤው ሲነበብ ሰማችና እራቷን ሳትበላ ተኛች። አባትየው በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበበ። መረቡን አጠበቀ፤ ሞላዎቹን በስፖንጅ ሸፈነ። ከዚያ በትልልቅ ፊደል ደንብ ጽፎ ግንቡ ላይ ለጠፈ፦ ጫማ አውልቆ፣ አንድ በአንድ፣ መሀል ላይ ብቻ፣ መገለባበጥ ክልክል፣ አዋቂ ሳይኖር ፈጽሞ ክልክል።

ሚስቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ለምን እንደሆነ ግን ለባሏ አልነገረችውም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተቆጣጣሪው መጣ። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሷል፤ በእጁ ተራ ቁጥር ያለው ቅጽ ይዟል። አባወራው ተራ ቁጥሩን ሲያይ ለሰውየው ያለው አክብሮት በአንዴ ጨመረ።

ሰውየው ቀልድ አያውቅም። ሜትሩን ዘርግቶ ከትራምፖሊኑ እስከ ግንቡ ለካ፤ እስከ ዛፉ ለካ። መተላለፊያውን ለካ፤ የግቢውን በርም ለካ።

«በሩን ለምን ይለኩታል?» አለች ትልቋ።

«የተጎዳ ሰው በቃሬዛ ሲወጣ እንዳይጠብ ነዋ።»

አባትየው ልጁን በክርኑ ጎሸም አደረጋት። ትልቅ ሰው ሲሠራ ዝም ይባላል።

«መሬት ላይ ታስሯል?»

«አልታሰረም» አለ አባወራው። ላብ አጠመቀው።

«ነፋስ ቢወስደውስ?» ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። «ከሥሩ የሚገባ ውሻ አለ?»

«ኧረ ውሻስ የለንም።»

«ያለ አዋቂ የሚቀርበት ሰዓትስ?»

«እሁድ ከሰዓት ብቻ። አክስታቸው ጋ እንሄዳለን። ያኔ ግን ቤቱ ባዶ ነው፤ የሚዘልም የለም።»

«የሌላ ሰው ልጅ ገብቶ ቢሰበርስ? በሩ በደንብ ይዘጋል?»

አባወራው መዋሸት አይሆንለትም። «መቀርቀሪያው ትንሽ ላላ ብሏል። በትከሻ ገፋ ካደረጉት ይከፈታል።»

ሰውየው ጻፈ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት። «የመጨረሻ ጥያቄ። ከተፈቀደው ክብደት በላይ የሆነ ሰው ወጥቶበት ያውቃል?»

ትንሿ እናቷን አየች። እናትየው ሰማዩን አየች።

«እማዬ ጠዋት ጠዋት ትዘላለች» አለች ትንሿ። «እኛ የተኛን ሲመስላት። ብቻዋን ትስቃለችም።»

እናትየው መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «አንድ ቀን ነው» አለች።

«በየቀኑ ነው» አለች ትልቋ።

አባወራው ሚስቱን ትክ ብሎ አያት። አሥራ አራት ዓመት አብሯት ኖሮ ስትዘል አስቧት አያውቅም። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ሳቁ ቀደመው።

ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰ። «በሕጉ ከሆነ ይነሳ ነበር ማለት ያለብኝ። ግን ቅን ሰዎች ናችሁ፤ ምንም አልደበቃችሁኝም። እስኪጸድቅ ድረስ ማንም እንዳይወጣበት ፍቱትና ይቀመጥ። ነገ ከቤት ሳትወጡ ተፈቶ ያልቅ። ማረጋገጫው ሰኞ ይደርሳችኋል።»

ትንሿ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እናትየው ለተቆጣጣሪው ሻይ አቀረበች፤ ሥራ ላይ አልጠጣም አለ። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ጠፍቷል ሲል አባወራው ቀኑን ሙሉ አወራለት።

እሁድ ማለዳ መፍቻውን ይዞ ወደ ጓሮ ወረደ። ሞላዎቹን ቆጥሮ በአንድ ከረጢት፣ ብሎኖቹን በሌላ ከረጢት አደረገ። ቧንቧዎቹን ቁጥር ጽፎባቸው በገመድ አሰረ፤ መረቡን እንደ አንሶላ አጣጠፈው። ሁሉንም ግንቡ ሥር ደርድሮ መመሪያውን በላስቲክ ጠቅልሎ ከላይ አኖረው።

«ዓይኑን የታሰረ ሰው እንኳ መልሶ ይገጥመዋል» አለ ሚስቱን፣ በኩራት።

ከሰዓት በኋላ አክስት ቤት ሄዱ። ሲመለሱ ዝናቡ ያዛቸውና እየሮጡ በቀጥታ ወደ መኝታቸው ገቡ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ትልቅ ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት የደብዳቤውን ግልባጭ ይዛ ቆማለች።

«ማረጋገጫውን ይዘው መጡ?» አለ አባወራው፤ ፊቱ በራ።

«መጀመሪያ ልየው እንጂ» አለች ሴትዮዋ። «ይቅርታ፣ ዘገየሁባችሁ። ሰፈሩን ሁሉ የማዳርሰው እኔ ብቻዬን ነኝ።»

ልጆቹ ደብተራቸውን ጥለው እየቀደሟት ወደ ጓሮ ሮጡ። ግንቡ ሥር ከረጢቶቹም ቧንቧዎቹም የሉም።

ሴትዮዋ በእርጥቡ ሣር ላይ አንድ ዙር ዞረችና ቅጿን አውጥታ ጻፈች፦ «መዝለያ የሚባል ነገር የለም፤ ግቢው ለልጆች ፍጹም አስተማማኝ ነው።»