ሻጋታ አለው የተባለው ሌንስ

"ይቅርብህ... ሌንሱ ሻጋታ አለው።"

ጦና ይህን ሲል ድምፁ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

ሶዶ ገበያው አጠገብ፣ ጋሽ ከድር ሱቅ ውስጥ ነው የቆሙት። ጋሽ ከድር የሚሸጡት ሞባይልና ቻርጀር ነው... ካሜራውን አንድ መምህር ከከተማው ሲዘዋወር ሸጦላቸው ሄደ።

ያገለገለ ካሜራ ነው። ግን የተገጠመለት የማክሮ ሌንስ ነው... የጉንዳን ዓይን ሳይቀር አጉልቶ የሚያነሳው።

ሊገዛ የመጣው ባዳቾ ይባላል፤ ሁምቦ ወረዳ የደን ባለሙያ ነው። ጦና ደግሞ የልብ ጓደኛው፣ የሠርግና የምረቃ ፎቶ አንሺ።

መቼም ሶዶ ላይ ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት ብቻችሁን አትሄዱም። የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ትሄዳላችሁ... እሱ "ግዛ" ካለ ይገዛል፣ "ተው" ካለ ይተዋል። ሻጩም ገዢውም አፍ አፉን ነው የሚያዩት።

ባዳቾ ይዞት የመጣው አዋቂ ጦና ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ... ሌንሱ ንጹህ ነበር።

ጦና በሞባይሉ መብራት ውስጡን አይቶታል። ከአንድ ሁለት የአቧራ ነጥብ በቀር ምንም የለበትም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ሌንስ ሲይዝ የመጀመሪያው ነው... እጁ አልለቅ አለው።

ታዲያ ለምን ዋሸ?

ቅናት ነዋ።

ስንት ዓመት ሙሉ የሙሽራ ቬሎ ሲያቃና፣ የሚዜ ከረባት ሲያስተካክል ኖሯል። ፌስቡክ ላይ የሚለቀውን ፎቶ ከሙሽራዋ አክስቶች በቀር ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ባዳቾ ግን በዚያች ስክሪኗ በተሰነጠቀ ስልኩ የሁምቦን ተራራ እየወጣ ሸረሪት ያነሳል... ሣር ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ጤዛ ያነሳል... ሰው ይንጋጋል።

አንድ ቀን ጦና የገዛ እህቱ አያልነሽ የባዳቾን የእስስት ፎቶ የስልኳ ስክሪን ላይ አድርጋው አየ... ያን ቀን ምሳ አልበላም።

በስልክ እንዲህ ያደረገ ሰው ይሄን ሌንስ ከያዘማ... ጦና ሊያስበው አልፈለገም።

"ይሄውልህ" ብሎ አንዷን የአቧራ ነጥብ አሳየው። ባዳቾ ጎንበስ ብሎ አየ... ምኑን ያውቃል? አመነ። ጋሽ ከድርም ደነገጡ፤ ወላሂ አላወቅሁም አሉ።

ባጃጅ ውስጥ ባዳቾ ምስጋናውን አላቋረጠም። "ታ ኢሻው" ነው የሚለው፣ በወላይትኛ ወንድሜ ማለት ነው። አንተ ባትኖር ተሸውጄ ነበር አለው። ጦና ፊቱን ወደ ዳሞታ ተራራ አዞረ።

የጦና ዕቅድ ቀላል ነበር። ነገ ብቻውን ይመለሳል፣ ካሜራውን ከነሌንሱ ለራሱ ይገዛል።

በማግስቱ ሱቁ ገና ሲከፈት ደረሰ። ካሜራው ቦታው ላይ የለም።

"ጓደኛህ ወሰደው" አሉ ጋሽ ከድር።

ለካ ባዳቾ ልቡ ካሜራው ላይ ቀርቶ ኖሮ ማምሻውን ተመልሷል። ሌንሱ ይቅርብኝ፣ ካሜራውን ብቻ ሽጡልኝ፣ ሌንስ ቀስ ብዬ እፈልጋለሁ ብሏቸዋል።

"ሌንሱስ?" አለ ጦና።

"መረቅኩለት። ለመለማመጃ እንኳ ይሁነው ብዬ። ነውር ያለበትን ዕቃ ነውሩን ደብቄ ብሸጥ በእኛ ሐራም ነው። አንተ ባትነግረኝ እኮ ሳላውቅ እገባበት ነበር... አላህ ይስጥህ።"

አያችሁልኝ?

ጓደኛው እንዳያገኘው ብሎ የዋሸበትን ሌንስ... ያው ውሸት በምራቂ አስያዘው።

ጦና እርር ድብን አለ።

ብዙም ሳይቆይ ባዳቾ የአንዲት ንብ ፎቶ ለቀቀ። እግሯ ላይ የተጣበቀው የአበባ ዱቄት ሳይቀር ይታያል። ከሥሩ "ሻጋታም ቢኖረው አላሳፈረኝም... ለዚህ ያበቃኝ ወንድሜ ጦና ነው" ብሎ ስሙን ታግ አደረገ። ሕዝቡ ጦናን ማመስገን ጀመረ... እያንዳንዷ ምስጋና እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለችው።

በሌላ ቀን ባዳቾ ወደ ጦና ፎቶ ስቱዲዮ ብቅ አለ። ካሜራውን ግን አልያዘም። ከጎን ያለችው የንግሥቲ ሱቅ አስቀምጦት ነው የገባው።

ጦና አላስቻለውም። እስኪ ለአንድ ቀን አውሰኝ አለው።

የባዳቾ ፊት ልውጥ አለ።

"ታ ኢሻው... መጀመሪያም ልገዛው ሳስብ ለሁለታችን ብዬ ነበር። ሠርግ የሌለህ ቀን አንተ ትይዘዋለህ፣ ሁምቦ አብረን እንወጣለን ብዬ። ግን ሻጋታ ከሌንስ ወደ ሌንስ ይጋባል ሲሉ ሰማሁ። ያንተ ሌንሶች እንጀራህ ናቸው። የኔ ጣጣ አንተ ቤት እንዲገባ አልፈልግም።"

ጦና አፉን ከፈተ።

"ንጹህ ነው" ማለት ይችል ነበር። የአንድ አፍታ ነገር ናት። ግን እሷን ካለ በኋላ "ታዲያ ያን ቀን ለምን..." የሚል ጥያቄ ይከተላል።

አፉን መልሶ ዘጋው።

እስከ ዛሬ ድረስ ባዳቾ ወደ ስቱዲዮው ሲመጣ ካሜራውን ንግሥቲ ጋ አስቀምጦ ነው የሚገባው... ለጓደኛው ሳስቶ። ጦና ደግሞ የዚያን ሌንስ ፎቶዎች እንደማንኛውም ሰው በስልኩ ያያል።

ወዳጆቼ... ስንቀና የጓደኛችንን ድርሻ የምንነጥቅ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የምናበላሸው ለእኛው ተብሎ የተቀመጠውን ነው።

እናንተ ጦናን ብትሆኑ ዛሬውኑ ሄዳችሁ እውነቱን ትነግሩት ነበር? ባዳቾን ብትሆኑስ... ከሰማችሁ በኋላ ካሜራውን ታውሱት ነበር?

ከልባችሁ መልሱልኝ፣ ኮሜንታችሁን ቁጭ ብዬ አነባለሁ።