«እኔን» የማይባልበት ቤት

ይህ ወሬ ውሸት ከሆነ ምላሴን የጎረቤት ዶሮ ትልቀመው። ሰው ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ቺፕ ካስቀበረ ወዲህ፣ ለታመመ «እኔን» ያለ ሰው ሕመሙን እዚያው ይረከባል። ስለዚህ ማይግሬን የሚሉት ከባድ ራስ ምታት የሚነሳባትን ማንጠግቦሽን ሊጠይቅ የሚመጣ ሁሉ አፉን በነጠላ አስሮ ነው የሚገባው።

አንድ ቀን ማይግሬኑ ግንባሯን ሲፈልጣት፣ ማንጠግቦሽ ሆን ብላ እናቷ ፊት አቃሰተች።

እናቷ ወይዘሮ የሻረግ ነጠላቸውን ከአፋቸው ፈቱ። «እኔን ልጄ! አንቺ ሕፃን ትይዣለሽ፤ እኔ ምን ሥራ አለኝ?»

የማንጠግቦሽ ራስ ወዲያው ቀለላት። አሮጊቷ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ማቃሰት ጀመሩ። ሰሞኑን አፏን የፈታችው የማንጠግቦሽ ልጅ፣ ሳምራዊት፣ ሮጣ አያቷን አቀፈች።

«እኔ...» ብላ ስትጀምር፣ ማንጠግቦሽ ዘልላ የሕፃኗን አፍ በመዳፏ ከደነችው።

ከዚህ ሁሉ ከኪሴ የጨመርኩት ያንን መዳፍ ብቻ ነው፤ ማንጠግቦሽስ አልደረሰችም።