ዋርቲኒ የለሰነቻቸው እንቁላሎች

አማቷ ከሞቱ ወዲህ ዋርቲኒ የዳክዬ እንቁላል ብቻዋን ስትለስን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጡብ ፈጭታ ከአመድና ከጨው ጋር አቦካች፤ ጨው እንዲዘልቀው እያንዳንዱን እንቁላል በጭቃው ሸፍና እንስራ ውስጥ ደረደረች። ከተበላሸባት የብሬበስ ከተማ ገበያ ደንበኞች ፊታቸውን ያዞሩባታል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት የባሏ እህት ቱሪያ መጣችና አብረው እንስራውን ከፈቱ። ዋርቲኒ የአንዱን ጭቃ አራግፋ ሰበረችው። ጠቁሯል፤ ይሸታል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

«ጨው ሰስተሽ ነዋ!» አለች ቱሪያ አፍንጫዋን ይዛ። «እማዬ ብታይሽ በማማሰያ ነበር የምታባርርሽ።»

«ኧረ እሳቸው እንዳሳዩኝ ነው የሠራሁት» አለች ዋርቲኒ፤ እንባዋ መጣ።

ከሥር አንድ አውጥታ ጭቃውን ላጠችና ሰበረች። አስኳሉ ቀይ ነው፤ ቅባቱ ያብረቀርቃል።

«ይኸው! ይሄኛውን ምን አድርገሽው ነው?» አለች ቱሪያ።

ዋርቲኒ የተላጠውን ጭቃ አገላብጣ ታያለች። የአራት ጣት አሻራ አለበት፤ የትንሿ ጣት ቦታ ባዶ ነው።

ቱሪያም አየችው። የእናቷን ትንሽ ጣት የሩዝ መፈልፈያ የቆረጠው እሷ ሳትወለድ ነው።

«እማዬ ድሮ የለሰነችው ይሆናል» አለች።

«እንቁላሎቹን የገዛሁት ከቀብሩ በኋላ ነው።»

ቱሪያ እጇን ወደ እንስራው ሰደደችና ወዲያው አወጣችው። መዳፏ በጭቃ ርሷል።

«ዋርቲኒ፣ ይሄ እኮ ገና አልደረቀም።»

ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። ከጓሮ ግን አንድ ሰው ጭቃ እያቦካ በመዳፉ ሲመታው ይሰማል።