ሕመሙ ስንት ነው?

«ክኒኑን ይዤ እስክመጣ የሕመምሽን ቁጥር አስቢበት፣ የኔ ማር። ከዜሮ እስከ አስር» ብላ ነርሷ ትወጣለች።

ሚስቲ ትናንት ነው የወለደችው። ልጁ የአባቱን ጭንቅላት ይዞ መጥቶ ቀዷት ወጣ፤ ሰፏት። አሁን ፍም ላይ እንደተቀመጠች ናት፤ ብቻ ፍሙም የሌላ ሰው ነው የሚመስላት።

እናቷ ዋንዳ ሕፃኑን እንዳቀፈች ወንበሯን ታስጠጋለች።

«ስምንት በያት፤ ጠንካራውን ትሰጥሻለች። ክኒኑን ጉንጭሽ ውስጥ ያዢውና ስትወጣ ለኔ።»

በነሱ መንደር እንዲህ ነው። ሴት ስትወልድ ሽንት ጨርቅ ይመጣላታል፣ ክኒኗን ታካፍላለች። ሌብነት ነው ያለ የለም። የከሰል ማዕድን ጉድጓዱ ያልሰበረውን ወገብ በመጦሪያ ቤት ሽማግሌ ማንሳት ሰብሮታል፤ ዋንዳም ከመጦሪያው ሥራዋ ያተረፈችው የተሰበረ ወገብና ይህንኑ ክኒን ነው።

«እማ፣ በሁለት ሳምንት ሥራ እገባለሁ። ልጁን የምትይዢልኝ አንቺ ነሽ።»

«ይሄው ይዤው የለ? ወደቀ?»

«ባለፈው ክኒን ውጠሽ፣ ምድጃውን ለኩሰሽ ተኝተሽ ነበር።»

«ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ ዓመት አሳድጌሽ አንዲት ምድጃ ትቆጥሪብኝ?»

 ሚስቲ መቆጣት እንዳለባት ታውቃለች፤ ቁጣው ግን አልመጣ ይላል።

ነርሷ በትንሽ የወረቀት ኩባያ ክኒኑን ይዛ ትመለሳለች። «እህስ?»

ከጀርባዋ ዋንዳ በከንፈሯ ብቻ «ስምንት» ትላለች። ከንፈሯ ደርቋል። ዓይኗ ያቀፈችው ልጅ ላይ ሳይሆን ኩባያው ላይ ነው።

«ሁለት» ትላለች ሚስቲ።

«ሁለት? ይህን ያህል ተሰፍተሽ?»

«ሁለት አልኩሽ።»

«እንግዲያው ቀለል ያለውን አመጣልሻለሁ» ብላ ነርሷ ኩባያውን ይዛ ትሄዳለች።

ዋንዳ አትሳደብም። ብትሳደብ ይሻል ነበር። ተነስታ ሕፃኑን እንደ ገበያ ዕቃ ሚስቲ ሆድ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ የመኪና ቁልፏን ታነሳለች።

«ሲጋራ አጭሼ መጣሁ።»

«እማ፣ ነገ ማን ይወስደናል?»

በሩ ይዘጋል።

ከአልጋው በመስኮት የመኪና ማቆሚያው ይታያል። የዋንዳ አሮጌ መኪና ወደኋላ ይወጣል፣ ዞሮ አውራ መንገዱን ይይዛል፤ ወደ ቤት የሚወስደውን ግን አይደለም። ከኋላ ወንበሩ ላይ፣ ልጁ ነገ ወደ ቤት እንዲሄድበት የተገዛው፣ የዋጋ ወረቀቱ ገና ያልተነሳለት የሕፃን መቀመጫ በቀበቶ ታስሮ ባዶውን ይሄዳል።