ባለ መሰላሉ ፊቱን ያሳየ ዕለት

ቀረብ በሉ ልጆቼ፣ እዚህ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና ይህችን ግድግዳው ላይ ያለችውን ፎቶ እያያችሁ ስሙኝ።

ፎቶዋ በተነሳችበት ምሽት፣ ውረድ አልኩህ እኮ፣ መሰላል ላይ ተሁኖ ፎቶ አይነሳም እያልኩ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከታች ቆሜያለሁ። እሱ ከላይ የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮውን በጥርሱ ይዞ የመጨረሻዋን አምፖል ያጠባብቃል። ሥራው ኤሌክትሪክ ነው፤ ሰፈሩ ባለ መሰላሉ ይለዋል። በዓል በደረሰ ቁጥር የግቢውን አጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ትንንሽ አምፖል ያለብሰዋል። ያን ዓመት ሦስት ቀን ፈጅቶበታል።

የጠራችኝ ልጁ ናት። ሩቅ ከተማ የነርስነት ሥራ አግኝታ በማግስቱ ጠዋት ልትሄድ ነበር። የአባቷን ፎቶ ይዛ ለመሄድ አልበሙን ስታገላብጥ ምን ብታገኝ ጥሩ ነው? እግር። በየበዓሉ ተነስተዋል፤ እናትየው አለች፣ ጎረቤት አለ፣ እሷ ራሷ ከጥርስ አልባነቷ እስከ ኮረዳነቷ አለች። አባትየው ግን ከጀርባ መሰላል ላይ የቆመ ሁለት እግር ብቻ ነው። «እማማ፣ ጫማውን ይዤ ልሂድ እንዴ?» አለችኝ እየሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ቀረ።

አይዞሽ አልኳት። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሳነሳ የኖርኩ ሴትዮ ነኝ፤ አንድ ግትር አባት አያቅተኝም።

በስንት ልመና ወረደ። እጁን በሱሪው ጠራረገና ሄዶ አጥሩን ተደግፎ፣ አንድ እጁን አምፖሎቹ ላይ ጭኖ፣ ዕቃ እንደሚያሻሽጥ ሰው ቆመ። ና ወደ እኔ፣ ስድስት እርምጃ አልኩት። ለምን አለኝ። መብራቱ እንዲደበዝዝልኝ ነዋ! ከፊትህ ተጠግቼ የሌንሱን ዐይን በሰፊው ስከፍተው ከኋላህ ያለው ሁሉ ይሟሟል፤ እያንዳንዷ አምፖል ብርቱካን የምታህል የብርሃን ክብ ትሆናለች ብዬ አስረዳሁት።

ፊቱ ተለወጠ። «እትዬ፣ እኔ ሦስት ቀን ወገቤ እስኪቆረጥ የለፋሁበትን እርስዎ ባንዴ ሊያጠፉብኝ?» አለ። የደበዘዘ ፎቶማ ጎረቤቴም በስልኩ ያነሳል፣ ያውም ሳያስበው ብሎ አሾፈብኝ። ሳቅኩ። የጎረቤቱን ፎቶዎች አይቻቸዋለሁ፤ እውነቱን ነው።

«መብራቱን ሰው ሁሉ አይቶታል» አልኩት። «ያላየነው አንተን ነው።»

 ስድስቱን እርምጃ ቆጥሮ መጣ።

መምጣቱስ መጣ። አገጩን ቀና፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ደረቀ። ቁልፉን ልጫን ስል ከኋላው አንዷ አምፖል እልም ያለች መሰለውና ዞረ። የተነሳው ጆሮው ሆነ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ማጅራቱ ሆነ። ልጅቷ ከጎኔ ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች። ሰማዩ እየጠቆረ ነው፤ ፊቱን የምታሳየኝ የቀረችው ትንሽ ብርሃን ከሩብ ሰዓት በላይ እንደማትጠብቀኝ አውቃለሁ።

ተጠጋሁና ያነሳሁትን ስክሪኑ ላይ አሳየሁት። ስለ ጆሮው ምንም አላለም። ዐይኑ የሄደው ከጆሮው ኋላ ወዳሉት ክቦች ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ሞልተውታል። ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ በጣቱ አንድ በአንድ ተከተላቸው። ሁሉም አሉ ለካ፣ እንዲያውም አድገዋል አለ፣ ለራሱ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ከዚያ ጣቱ ቆመ።

«ከላይ ሁለተኛው መስመር፣ ከበሩ አራተኛዋ ሞታለች።»

ለእኔ አልታየችኝም ነበር። ልብ ብዬ ሳይ ግን ከክቦቹ መሀል አንዲት ጨለማ ቦታ አለች። በዚያ ሁሉ ዘመኔ ከደበዘዘ ፎቶ ላይ የሞተች አምፖል የሚለይ ሰው አልገጠመኝም። እንግዲህ ማን ይያዘው! ብሎን መፍቻ ካቻቢቴውን ከኪሱ መዞ ወደ መሰላሉ አመራ። «ሁለት ደቂቃ ብቻ» አለን። የእሱን ሁለት ደቂቃ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል።

አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ እንዳሳረፈ ልጅቷ ድምጿን ሳታነሳ «አባዬ፣ ተዋት» አለችው።

ቆመ። ቀና ብሎ አምፖሏን አያት። ጣቶቹ ካቻቢቴው ላይ ሲላወሱ ይታዩኛል። ተዋት ማለት ለእሱ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል፤ እኔም ተጣሞ የተሰቀለ ፎቶ ሰው ቤት ካየሁ እጄ አያርፍልኝም። ቆይቶ እግሩን ከመሰላሉ አወረደ። ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተና ቀድሞ የቆመበት ቦታ ተመልሶ ቆመ። ካሜራዬን ረስቶታል። የሚያየው ከጎኔ የቆመችውን ልጁን ነው፤ አሁን የገጠማት አምፖል ትበራ እንደሆነ ሲጠብቅ እንደሚያየው፣ ረጋ ብሎ፣ ዐይኑን ሳይነቅል።

ተጫንኩት። አንዴ ብቻ። ድጋሚ አላሻኝም።

አንዷን ቅጂ ልጅቷ ይዛት ሄደች፤ ይህቺ ደግሞ የእኔ ናት። እዚህ ቤት የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ክቦቹን ነው። እናንተ ግን ልጆቼ፣ ከምንጣፉ ስትነሱ ቀረብ ብላችሁ ከትከሻው በላይ ያለችውን፣ ለልጁ ሲል የተዋትን ትንሽ ጨለማ ቦታ እዩልኝ። እሷን አስታውሱልኝ፣ እሺ?